እሳቱን የተረከብኩ ዕለት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ሳትነግሪኝ ግድግዳ እየያዝሽ ትወጫለሽ? የፊት ለፊቷ እትዬ፣ ድመቷ፣ በጓሮ በኩል ያለው የሎሚ ዛፍ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከእንቅልፍ ማነስና ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ጤናዬ ሙሉ ነውና ልብሽ አይሥጋ።

አባባስ እንደምን ሰነበተ? ይህን የምጠይቀው አንቺን እንጂ እሱን አለመሆኑ ይታወቅልኝ። መልስ ለማይሰጥ ሰው ጥያቄ ማብዛት ነውር ነው ብላችሁ ያሳደጋችሁኝ እናንተው ናችሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌን «የእኔ ልጅ ከአያቷ ጋር የተወለደች ናት» እያልሽ ስቀሽበታል። ምክንያቱን ዛሬ ልንገርሽ። ስልክ ስደውል አባባ ኮፍያውን አንሥቶ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ኮቴው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ደብዳቤዬን ስታነቢ ግን አይወጣም። ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጦ ዜና የሚከታተል መስሎ ይቆይና፣ ወደ መካከሉ ስትደርሺ የሬዲዮኑ ድምፅ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል። ይህን የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። ስለዚህ እባክሽን ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ድምፅሽ ከደከመ ውኃ ጠጥተሽ ቀጥዪ፤ ደብዳቤው ረጅም ነው።

የሙከራውን ውጤት ያው ሬዲዮን ሳይነግራችሁ አልቀረም። «ሙከራው በስኬት ተጠናቀቀ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘግቶት ወደ አየር ሁኔታ አልፎ ይሆናል። በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የዋለውን ሰው ግን ሬዲዮን አያውቀውም። እኔ ልጽፍልሽ የፈለግኩት ስለ እሱ ነው።

አስቀድሜ ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። እስካሁን የሰማሽው በአባባ አንደበት ብቻ ነውና የእኔም ቃል ይሰማ።

የአገሩ የኃይል ሥርዓት እንደ አዲስ ይዋቀር፣ የሚለቀውም ካርቦን ይቀንስ ተብሎ ሲወሰን፣ በከሰል የሚሠሩት ጣቢያዎች በየትኛው ቅደም ተከተል ይዘጉ የሚለውን የሚቆርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ከአባላቱ ሁሉ ታናሽ ነበርኩ። መስፈርቱን ያረቀቅኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን ከማንም ደብቄ አላውቅም፤ ዛሬም አልደብቅም። «ለሚያመነጨው ኃይል ከሁሉ የበዛ ካርቦን የሚለቅ፣ ለመኖሪያ ቤቶች ከሁሉ የቀረበ፣ ዕድሜውም ከሁሉ የገፋ ጣቢያ በቅድሚያ ይዘጋል» የሚል ነው። የየትኛውንም ጣቢያ ስም አላነሣሁም። ስጽፈው በዓይነ ኅሊናዬ የመጣብኝ ግን የአንቺ አንሶላ ነው።

ታስታውሻለሽ? እኔ በጓሮአችን የድንጋይ ግንብ ላይ ወጥቼ እቀመጥና የጣቢያውን ጭስ ማውጫ እጠብቅ ነበር። ጭሱ ወደ ወንዙ ሲያዘነብል «አስጪ!» እልሻለሁ፤ ወደ እኛ ሲዞር «ሰብስቢ!» እልሻለሁ። ነፋሱ ሁለታችንንም ባሞኘን ቀን ነጭ አስጥተሽ ግራጫ ትሰበስቢ ነበር። የፊት ለፊቷ እትዬ «በእኛ ሠፈር ነጭ የሚባል ቀለም የለም፤ ያለው የታጠበ ግራጫና ያልታጠበ ግራጫ ነው» ስትል አባባ እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። ስቆ ሲያበቃም ወደ ጭሱ ቀና ብሎ አይቶ ዝም ይላል። ያን ዝምታውን ከሣቁ ይልቅ አስታውሰዋለሁ።

ኮሚቴው አንድ ሕግ አለው። የሥጋ ዘመዱን የሚነካ ጉዳይ የተነሣበት አባል ይህንኑ ተናግሮ ከክፍሉ ይወጣል። የአባባ ጣቢያ ሲጠራ እኔም ተነሥቼ «አባቴ በዚያ ጣቢያ የፈረቃ ኃላፊ ነው» ብዬ ወጣሁ። በኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለ የእሳት ማጥፊያ ፊት ቆሜ የአጠቃቀሙን መመሪያ እስክሸመድደው ድረስ አነበብኩ። መልሰው ሲጠሩኝ ተወስኖ ነበር፤ የአባባ ጣቢያ የመጀመሪያው ሆነ።

እማዬ፣ ብቀመጥ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ለአባቴ ባዳላ በሌላይቱ ልጅ አባት ላይ መፍረዴ ነው። የማላዳላ ለመምሰል በአባቴ ላይ ብጨክን ደግሞ ያም ሌላ ሐሰት ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት በእንዲህ ያለ ሰዓት ወንበርን መልቀቅ ክብር ነው፤ የማይለቅ ሰው ነው የሚታማው።

በታዛቢነት የመጣው የጣቢያው ሠራተኛ ግን ወሬውን ለአባባ ያደረሰለት «የጣቢያህ ስም ሲጠራ ልጅህ ከወንበሯ ተነሥታ ወጣች» ብሎ ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ ከእውነቱ ላይ ቅንጣት አልጨመረም። አባባ ዘንድ ስትደርስ ግን ያቺው ቃል ሌላ ፍቺ አላት።

የአባባን የሥራ ወግ ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሆኖም ነገሬ እንዲሟላ ልጻፈው። በዚያ መቆጣጠሪያ ክፍል ተረካቢ ሳይመጣ ከወንበሩ የሚነሣ የለም። ወጪው «እሳቱ ደህና ነው፤ ተረከብ» ይላል። ገቢው «ተረክቤያለሁ፤ ቤትህ ግባ» ይላል። እነዚህ ቃላት ሳይባሉ የተነሣ ሰው ሌባ ከመባል የከፋ ስም ይወጣለታል። እኔ በተወለድኩ ዕለት ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ስለ ወሰደው ተረካቢው ቀረ፤ አባባም ፈረቃ በፈረቃ ላይ ደርቦ ተቀመጠ። ሰው ሄዶ «ሚስትህን ምጥ ይዟታል» ቢለው፣ «ማን ይረከበኝ?» ብሎ መልሶ ጠየቀ። ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወጊዋለሽ። «እሱ እሳት ሲጠብቅ እኔ ልጄን ብቻዬን ተረከብኩ» ስትዪ አባባ አንገቱን ሲደፋ እያየሁ ነው ያደግኩት። ውኃው ጎድሎ ከነጥቀርሻው ሲመጣ፣ አንቺ ቁጣሽን ዋጥ አድርገሽ እኔን በእጁ ላይ አኖርሽና «ተረከብ» አልሽው። እሱም «ተረክቤያለሁ፤ አንቺ ተኚ» አለሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስታወሪ ድምፅሽ ይለዝባል፤ እስክትነቂ ድረስ ከቆመበት አልተቀመጠምና።

እንግዲህ «ልጅህ ወንበሯን ጥላ ወጣች» የተባለው ይህ ሰው ነው።

በአንቺ በኩል የላከብኝ ቃል አንድ ብቻ ነበር። «ብትከራከርልኝ ደግ፤ ፊት ለፊቴ ቆማ ይዘጋ ብትልም ደግ። እንዴት ተነሥታ ትሄዳለች?» ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። የኮሚቴውን ደንብ ከነማብራሪያው ላክሁለት። አንብቦ «ጽሑፉ ጥሩ ነው» ማለቱን ነገርሽኝ፤ ደንቡን ግን ከሬዲዮኑ ሥር አስቀመጠው፤ ሬዲዮኑ ይነቃነቅ ነበርና። ጄኔሬተሩ እንደማይፈታ፣ እንፋሎት ከሚያወጣው ቦይለር ተለያይቶ ያለ እሳት እየተሽከረከረ የአገሩን መስመር አጽንቶ እንደሚይዝ ጻፍኩለት። «ያለ እሳት የሚዞር ማሽን እንደ ጡረተኛ ነው፤ ሲንጎራደድ ይውላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም» አለ። ስቄያለሁ፤ እውነቴን ነው። ከሣቁ በኋላ ግን በቢሮዬ በር ላይ ቁልፍ አዞርኩና አለቀስኩ። እኔ ያጎደልኩት ሕግ የለም፤ አባቴ ግን የለኝም። ሙከራው ሲቃረብ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆኖ ነበር፦ ወንበሬን ጥዬ የምሄድ ሰው አለመሆኔን አባባ እንዲያውቅልኝ።

አሁን ወደ ዕለቱ ልምጣ።

የሙከራው ደንብ ቀላል ነው። አንድ ሙሉ የሥራ ቀን፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ አገሩ ያለ አባባ ጣቢያ ይውላል። ጣቢያው ከመስመሩ ተለይቶ እሳቱን ብቻ አሙቆ በተጠንቀቅ ይጠብቃል። ምሽቱ በሰላም ካለፈ እሳቱ ለዘለቄታው ይጠፋል። ኃይል አንሶ ጣቢያው እንዲመለስ ከተጠራ ግን ሙከራው ወድቋል፤ ጭሱም ለዓመታት ይቀጥላል። ዕቅዱን የጻፈው ሰው ቀኑን ሙሉ በብሔራዊ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትእዛዙን በራሱ አንደበት እንዲሰጥ ይገደዳል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

አንቺ በዋዜማው የደረሰኝን ደብዳቤ የጻፍሽልኝ ይህን አውቀሽ ነው። «በዚያ ቀን ተረኛው ምክትሉ ነው። አባትሽ የጓሮውን አጥር ሚስማር ሲመታ ይውላል። አጥሩ ብዙ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ልብሽን ጥለሽ ሥራሽን ሥሪ» አልሽኝ። ልቤን ጣልኩ። ምክትሉን አላውቀውም፤ ለማላውቀው ሰው ትእዛዝ መስጠት አይከብደኝም።

ማዕከሉ መስኮት የለውም። ግራጫ ምንጣፍ፣ ክንዱ የተቀደደ ወንበር፣ የሁሉም ሰው የሆነና ማንም የማያጥበው የሻይ ኩባያ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ግድግዳውን የሸፈነ የአገሩ መስመር ሥዕል አለ። በሥዕሉ አናት ላይ አንድ ቁጥር ይበራል፤ አምሳ፣ የኤሌክትሪኩ ምት በሰከንድ። የአገሩ ማመንጫዎች ሁሉ እኩል ሲተነፍሱ ቁጥሩ አምሳ ላይ ይቆማል። ሕዝቡ ከሚመነጨው በላይ ሲጠቀም ይወርዳል፤ አብዝቶ ከወረደ ከተሞች ይጨልማሉ። የክፍሉ አለቃ ዕድሜ ልካቸውን ያንን ቁጥር ሲጠብቁ ስለ ኖሩ «ጋሽ አምሳ» ይባላሉ። ዕድሜያቸውን የጠየቃቸው ሁሉ «አምሳ» የሚል መልስ ያገኛል። ፀጉራቸው ግን ከዚያ ብዙ ያለፈ ነው። ስገባ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ። የሙከራው ዕቅድ መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲያው ጸልዪበት፤ ቁጥሩ ማንበብ አይችልም» ብለው ወንበሩን ለቀቁልኝ።

በስልክ መስመሩ ላይ ሰላምታ የለም፤ ስምም የለም፤ ሁሉ ነገር ይቀዳል። ትእዛዝ የተቀበለ ሰው የሰማውን ቃል በቃል መድገም አለበት። ስልኩን አንሥቼ፣ በመስመሩ ላይ የአባባ ጣቢያ መጠሪያ ነውና፣ «ጣቢያ አንድ፤ ጭነት ወደ ዜሮ አውርዱና ከመስመር ተለዩ» አልኩ። በወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

እማዬ፣ ያንን ጉሮሮ መጥረግ ከሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ። ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ስባል፣ ለዘመድ መርዶ ሲያረዳ፣ ፎቶ ሊነሣ ሲል፣ ከባድ ቃል ሊናገር ሲል የሚጠርገው ጉሮሮ ነው። ከዚያ ድምፁ መጣ፦ «ጣቢያ አንድ፤ ጭነት ወደ ዜሮ አውርደን ከመስመር እንለያለን።» ወራት ሙሉ አንድ ቃል የነፈገኝ አባቴ የእኔን ቃል ደገመልኝ። ሕጉ አስገድዶት ነው። ቢሆንም ደገመልኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ደርቄ መቅረቴን ጋሽ አምሳ አዩ መሰለኝ «ምነው፣ ኤሌክትሪክ ያዘሽ እንዴ?» አሉኝ። የማውቀው ድምፅ መሆኑን ብቻ ነገርኳቸው። እሳቸውም ብልህ ሰው ናቸውና አልመረመሩኝም።

የጣቢያው ጭነት ሲወርድ ማየት እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ! አልተናጋም፤ አልዘለለም። የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያኖር ሰው ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው። ቁጥሩ ከአምሳ ንቅንቅ አላለም። ጋሽ አምሳ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ይህን የሚያወርደው ማን ነው? እጁ ይባረክ» አሉ። ፊቴ ሳይነግራቸው የቀረ አይመስለኝም።

ቀኑ አማረ። ፀሐይ ስትወጣ የየትምህርት ቤቱና የየፋብሪካው ጣሪያ ኃይል ማመንጨት ጀመረ። በኮረብታዎቹ ላይ የተተከሉት የነፋስ ማማዎች ከሰዓት በፊት ደከም ብለው ቆይተው በኋላ በረቱ። የላይኛው ግድብ ውኃውን ለምሽት ቆጥቦ ያዘ። እኔ ለዓመታት በወረቀት ላይ ብቻ የማውቀው አገር በግድግዳው ላይ ሕይወት ዘርቶ አየሁት። ኩራት ይሁን ፍርሃት ሳልለይ፣ ዓይኔን ከግድግዳው መንቀል አቅቶኝ ምሳ አልበላሁም። ጋሽ አምሳ «ብትበዪም ባትበዪም ፀሐይ ትጠልቃለች» እያሉ የእኔን ምሳ ጨመሩበት።

ፈተናው የመጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሥራ ይገባል፤ ምድጃ ይለኩሳል፤ መብራት ያበራል። ጣሪያዎቹ ዝም አሉ። በዚያ ሰዓት ይመጣል የተባለው ነፋስ ዘገየ። ቁጥሩ ከአምሳ በታች ሸርተት አለ፤ ደግሞ ሸርተት አለ። በዕቅዱ ላይ ቀይ መስመር አስምሬ ነበር፤ ቁጥሩ ያንን መስመር ከነካ ጣቢያ አንድ ወዲያው ይጠራል። ጋሽ አምሳ ከተቀመጡበት ተነሡ። ግድቡ በሩን እንዲከፍት ታዞ ነበር፤ ውኃው ግን በቧንቧው ወርዶ ማሽኖቹን እስኪያነሣ ጊዜ ይፈልጋል።

ከኋላዬ ካሉት ሠራተኞች አንዱ፣ ለእኔ አዝኖ መሆኑን አልጠራጠርም፣ ጎንበስ ብሎ «ቀዩን መስመር ትንሽ ዝቅ ብናደርገውስ? ማን ያያል?» አለኝ። «እኔ አያለሁ» አልኩት። «ከነካ እጠራለሁ፤ ካልነካ አልጠራም።» የጻፍኩትን መስመር በጨነቀኝ ሰዓት የማንቀሳቅስ ከሆንኩ፣ አባቴን ያስከፋሁበት ሕግ ሁሉ ቀልድ ነበር ማለት ነው።

በዚያች ቅጽበት ስልኩ ጮኸ። ጣቢያ አንድ ነበር።

ጉሮሮውን ጠርጎ «ቁጥሩን እያየን ነው። እሳቱ ሙቅ ነው። ትእዛዝ ካለ ዝግጁ ነን» አለ። ያለውን ትሰሚያለሽ? ሙከራው እንዲወድቅለት የሚመኝ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ጣቢያው በሕይወት ይኖር ነበር። እሱ ግን አልለመነም፤ አልገፋም። «ዝግጁነታችሁን ሰምቻለሁ፤ ትእዛዝ የለም» አልኩ። «ትእዛዝ የለም» ብሎ ደገመ። ስልኩን ግን አልዘጋም።

ከዚያ በደንቡ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ጠየቀ። «ወንበሩ ላይ ያለው ማን ነው?» አለ።

ቁጥሩ እየወረደ ነበር። ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል «ያቺው የጠዋቷ ነኝ፤ አልተነሣሁም» አልኩት።

ማሽኖቹ ከእሱ በኩል በሩቁ ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። ከዚያ፣ የሰማኸውን ቃል በቃል ድገም የሚለው ሕግ ይዞት ይሁን ሌላ ነገር እኔ አላውቅም፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየ «ያቺው የጠዋቷ ናት፤ አልተነሣችም» አለ።

ቁጥሩ ከቀዩ መስመር በላይ፣ አንድ ፀጉር በምታህል ርቀት ቆመ። ቆመና ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ውኃው ደረሰ። እማዬ፣ ውኃ ሲደርስ ድምፅ የለውም፤ ግድግዳው ላይ ያለ አኃዝ ብቻ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ይመስለኛል። ቁጥሩ ቀና አለ፤ ደግሞ ቀና አለ፤ አምሳ ላይ ሲደርስ ክፍሉ በአንድ ላይ ተነፈሰ። ጋሽ አምሳ ተመልሰው ተቀመጡና «ዕድሜዬ እውነት አምሳ ከነበረ ዛሬ ስልሳ ሆኗል» አሉ። እኔ «ሰምቻለሁ፤ በተጠንቀቅ ቆዩ» አልኩት። እሱም ደግሞልኝ ዘጋ።

ነፋሱም እንደ ሰነፍ እንግዳ ምግብ ከተነሣ በኋላ መጣ። የምሽቱ ጭነት አለፈ። የትኛውም ከተማ አልጨለመም፤ የትኛዋም እናት በልጇ ደብተር ላይ ሻማ አላበራችም። የመጨረሻውን ትእዛዝ ለመስጠት ስልኩን አነሣሁ። ዕቅዱን ስጽፍ «እሳቱ ይጥፋ» የሚሉት ቃላት ቀላል ነበሩ። በአፌ ሲሆኑ ግን ድንጋይ ሆኑ። ቢሆንም ድምፄን አላጠፍኩትም፤ አባባ የታጠፈ ትእዛዝ አይወድም። «ጣቢያ አንድ፤ እሳቱ ይጥፋ» አልኩ። «ጣቢያ አንድ፤ እሳቱ ይጠፋል» አለ።

ቆይቶ ደወለ። ጉሮሮውን አልጠረገም። «እሳቱ ጠፍቷል። ማሽኑ ደህና ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም፤ ያለ እሳት ለመሽከርከር ብቁ ነው» አለ። በደንቡ መሠረት እዚህ ላይ ይበቃል። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ በሕይወቱ ሁሉ ለሌሎች ሰዎች ሲናገረው የኖረውን ቃል አወጣ።

«ተረከቢ» አለኝ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ለዚህ ቃል መልስ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። የሚቀዳ መስመር መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ መሆኑን አውቃለሁ። ደንብ አፍርሼ የማላውቅ ልጅሽ ደንብ አፈረስኩ፤ በኩራትም አፈረስኩት።

«ተረክቤያለሁ፤ ቤትህ ግባ» አልኩት።

ጋሽ አምሳ ኩባያውን (ታጥቦ ነበር፤ ምስክር ነኝ) ሻይ ሞልተው ፊቴ አኖሩልኝ። «ይህን ወንበር እንደ አንቺ ይዞ የዋለ የለም፤ ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «የጠዋቱ ሰውዬ» አልኳቸው።

ከዚያ የእኔም ተረካቢ መጣች። እንደ አገሩ ወግ ሰላም ብላ ልትቀመጥ ስትል ከወንበሩ አልተነሣሁላትም። ምን እንደምትል ነገርኳት። እየሣቀች አለችው። ቤቴ ገባሁ።

እማዬ፣ ጠዋት ስትነቂ አንሶላውን አስጪ። ወደ ጭሱ ማየት አያስፈልግሽም። ግንቡ ላይ የሚቀመጥ ጠባቂም አያሻሽም፤ ነፋሱ ወደ ፈለገበት ይንፈስ። ለፊት ለፊቷ እትዬም ከእንግዲህ በሠፈራችን ነጭ የሚባል ቀለም እንዳለ ንገሪልኝ። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እሳት ሲሽከረከር ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ለጡረተኛው ማሽን የሚንጎራደድበትን ፍጥነት የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚያ ቦታ የሚመረጠውን ሰው በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ የለሁበትም፤ ብኖርም ተነሥቼ እወጣ ነበር። ይህን ግን አሁን አባባ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ስለ አጥሩ ነው። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰዓት በሥራ ተወጥሬ ስለ ነበር አላስተዋልኩትም። ዛሬ ረጋ ብዬ ሳስበው፣ በልጅነቴ የተቀመጥኩበት አጥር ከጥግ እስከ ጥግ የድንጋይ ግንብ ነው። በግንብ ላይ ምን ዓይነት ሚስማር እንደሚመታ፣ ምክትሉም በዚያ ቀን የት ሄዶ እንደ ዋለ አልጠይቅሽም። አንቺም አትመልሺልኝ። እዚህ ላይ ስትደርሺ ሬዲዮኑ ጭራሹን ተዘግቶ እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ።

ጉልበትሽ ይጽናልኝ። ያሰጣሽው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይሰብሰብልሽ። ቤታችሁ ብርሃን አይጉደልበት፤ ፈጣሪ ሁለታችሁንም ጎን ለጎን ያቆይልኝ።

ከወንበሯ ያልተነሣችው
ልጃችሁ